አዶናይን ከውጭ የቆለፍኩበት ሰሞን

ውሸት የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሂዱ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የማወራው ያየሁትን ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ ትርፌ የምትባለው ልጄ ናት። ጆሮዬ ግን ከእናንተ ጆሮ ይሻላል።

ሆሳዕና ከተማ፣ የራሴ ግቢ። ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት። ፀሐዩ ልብስ ያደርቃል። ማታ ነበር ብል ሕልም ነው ትሉኝ ነበር።

የጓሮዋን ክፍል ያከራየሁት ለአዶናይ ነው። ከሞርሲቶ ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ ሕክምና ይማራል። ሲመጣ ሞንዳላ ነበር። ያን ሰሞን ግን የሸሚዙ ኮሌታ እንኳ ሰፍቶታል።

"ሰው የሚበላ ትምህርት ምን ዓይነት ነው?" እለዋለሁ።

"ይሄን ፈተና ከወደቅኩ ያባርሩኛል፣ እማማ።"

"እንቅልፍ የማያውቅ ሐኪም እኔን እንዳይነካኝ።"

ይስቃል። ሳቁ ራሱ ደክሞታል።

ጓደኞቹ በወሬ ሲያስቸግሩት ተማሪዎች የሚያደርጉትን አደረገ። በሩን ከውጭ አስቆለፈኝ። ሰው ሲመጣ "የለም" እላለሁ፤ እሱ ውስጥ ያጠናል። ቁልፉ መቀነቴ ላይ ነው። ስከፍትለት ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው...

"ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?"

የዚያን ቀን ቆጮና አይብ በሳህን ይዤ ሄድኩ። ድምፁ በር ላይ ይሰማል። የአጥንት ስም ይደረድራል።

ቆም አልኩ።

ትንፋሽ አይወስድም...

ሰው ሲያነብ ምራቁን ይውጣል፣ ያስላል። ይሄ ግን እንደ ወፍጮ ዝም ብሎ ይፈጫል።

ከፈትኩ።

አዶናይ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ድምፁ አላቆመም።

የጠዋት ምግቡ እንዳለ ደርቋል። አጠገቡ የተከፈተው መጽሐፍ ገጹ በራሱ ተገለጠ... ነፋስ የለም።

እኔ የምትጮህ ሴት አይደለሁም። ሳህኑን እዚያው ክፍሉ ወለል ላይ አስቀምጬ ልጁን ደግፌ አነሳሁት። ቀልሏል፤ እንደ ባዶ ጆንያ።

"እማማ... ፈተናው..."

"ዝም በል። ትተኛለህ።"

ቤቴ ወስጄ አልጋዬ ላይ አስተኛሁት። በሩን አልዘጋሁም። ተመልሼ የጓሮዋን ክፍል ቆለፍኩ። ለምን ቆለፍሽ አትበሉኝ። እጄ ለምዶታል።

ቁልፉን ሳዞር ንባቡ ቆመ።

ከዚያ ከውስጥ፣ በራሱ በአዶናይ ድምፅ፣ በቀስታ...

"እማማ... ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?"



መልሱ የመጣው ከኋላዬ ነው። ዞር አልኩ። አዶናይ ክፍት በተውኩት የቤቴ በር ይታየኛል፤ አልጋዬ ላይ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ...

"ገና ነው። አንተ አንብብ... እኔ ልተኛ።"

በቆለፍኩት ክፍል ውስጥ ገጽ ተገለጠ። የአጥንቶቹ ስም ካቆመበት ቀጠለ።

ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነገር ወለሉን ፋቀው።

በበሩ ሥር፣ በክፍተቱ በኩል፣ ሳህኔ ተገፍቶ ወጣ...

ባዶውን። ተልሶ።