አበልጄ «ውረዱ» ያለን ቀን

ይህን የምጽፍላችሁ እግሬ በጀሶ እንደታሰረ ነው። ማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ነበርኩ።

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እንጅባራ አጠገብ፣ ጥርባ ሐይቅ።

ቱሪስት ሊያመጣ ያሰበ አንድ ድርጅት ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ሊሞክር መጣ። አብራሪዋ ካፒቴን ቤዛዊት ነበረች። እኔ ቦታውን ላሳያት አብሬያት ወጣሁ።

አስቀድማ አስጠንቅቃናለች። ውሃው እንደ መስታወት ከረጋ አብራሪ ከፍታውን መለየት አይችልም። ስለዚህ ከማረፋችን በፊት ጀልባ ወዲያ ወዲህ እያለ ውሃውን ማናወጥ አለበት።

ጀልባውን አዝመራው ተረከበ። አብሮ አደጌ ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝም እሱ ነው።

ሐይቁ ላይ ስንደርስ ውሃ አይታይም። እንደ መስታወት ረግቶ፣ ደመናው ከላይም ከታችም ነበር...

ጀልባም የለም።

አዝመራውን በእጅ ሬዲዮ ጠራሁት።

«የት ነህ?»

«ውሃው ላይ ነኝ» አለ በሹክሹክታ። «ውረዱ፣ አበልጅ።»

በሬዲዮው ውስጥ የጀልባው ሞተር ግን አይሰማም።

ቤዛዊት ውሃው መናወጡን ጠየቀችኝ። እኔም አበልጄን አምኜ አዎ አልኳት።

ዝቅ አልን።

ያን ጊዜ አየሁት... ጀልባው ዳር ላይ፣ ሣሩ ላይ ተደፍቷል። አዝመራው ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሬዲዮው አፉ ላይ ነው።

«ውረዱ... ውረዱ...»

ተመለሺ ልላት አፌን ስከፍት ከውሃው ጋር ተላተምን።

ተገለበጥን። እንደምንም ቀበቶዬን ፈትቼ የቤዛዊትን እጅ ያዝኩ። በዚያኛው በኩል አንድ ነገር ይስባታል... በቀስታ፣ ሳይቸኩል።

እጇ አመለጠኝ።

እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

በሦስተኛው ቀን አዝመራው ሆስፒታል መጣ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። በአደጋው ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር እጁን ሲታጠብ ከውሃው ሥር አንድ ነገር አንጓውን እንደያዘው ነገረኝ።

«እያወቅህ ነው ውረዱ ያልከን?»

«ሰው ካልሰጠሁት አይለቀኝም። ዛሬም እንደያዘኝ ነው።»

«እኔን?»

ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ዞሮም አላየኝም።

ወለሉን አየሁ። አቧራማ የጫማው ዱካ ገብቷል፣ ወጥቷል።

ከጎኑ ግን ሌላ ዱካ አለ። የባዶ እግር... እርጥብ።

እስከ አልጋዬ ድረስ ገብቷል።

አልወጣም።