አጋፋሪው ያልተናገረው

ትርሲት ወደ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ በሚወጣው አሳንሰር ውስጥ ሆና፣ እንደ ልማዷ በጆሮ ማዳመጫዋ ቤቷን ጠየቀች። «እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። ምሳቸውንም በልተዋል» አላት አጋፋሪዋ። አጋፋሪ የሚባለው ቤት የሚጠብቅ፣ እንግዳ የሚቀበልና በሽተኛ የሚያስታምም አሳቢ ማሽን ነው፤ አጋፋሪ የሌለው ቤት በር እንደሌለው ይቆጠራል። ትርሲት አመነችው። በሃያ ዓመት የጥገና ሥራዋ ማሽን ሲሳሳት እንጂ ሲዋሽ አይታ አታውቅም።

የተጠራችበት ቤት ሳሎኑ ገንዳ ሆኗል። ኤፍራታ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አፍና አፍንጫዋ በጭንብል ተሸፍኖ፣ በእንቅልፍ መርፌ ተኝታ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፋለች። እሳት የበላው ቆዳዋ በጨዋማው ውሃ ውስጥ እንደገና እየበቀለ ነው። አርባ ቀን ይፈጃል፤ ዛሬ ሃያ ዘጠነኛው ነው። አዲሱ ቆዳ ጀርም የሚመክትበት አቅም ገና የለውም። የሚጠብቃት ጨው ፈታቹ ብቻ ነው፤ የውሃውን ጨው በኤሌክትሪክ ፈትቶ፣ ጀርም የሚገድለውን ክሎሪን በልክ የሚያወጣ፣ ክንድ የሚያህል መሣሪያ።

ክሎሪኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ እየወረደ ነበር።

«ጨው አነሰ ይላል» አሉ እናትየዋ ወይዘሮ አስካለ። ባዶ ጆንያ ይዘዋል። «አጋፋሪው ጨምሩ ሲለኝ ጨመርኩ። ሦስት ጆንያ ሙሉ! ምን ጉድ ነው ልጄ?»

ትርሲት ውሃውን በብልቃጥ ቀድታ በራሷ መለኪያ ለካችው። ጨው ማነስ ቀርቶ ከሚገባው እጥፍ ሆኗል። ክሎሪኑ ከምንም አይቆጠርም። ቀና ስትል የልጅቷን ክንድ አየችው፤ ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ ወደ ክርኗ የሚሄድ ቀይ መስመር ወጥቷል።

«ይሄ መቼ ወጣ?»

«አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።»

ጀርሙ ገብቷል ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ክሎሪኑ ካልተመለሰ የበቀለው ቆዳ እንዳለ ይበሰብሳል፤ ልጅቷም አትተርፍም። ከገንዳው ማውጣት ደግሞ አይታሰብም፤ አየሩ ራሱ ያቃጥላታል።

ትርሲት ኤሌክትሪኩን ዘግታ ጨው ፈታቹን ነቀለችው። ውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ማብረቅ ሲገባቸው ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል። ድፍን ኖራ። ብረቶቹ በኖራ ሲታፈኑ ኤሌክትሪኩ በውሃው ውስጥ አያልፍም፤ ካላለፈ ደግሞ ለመሣሪያው ጨው የሌለ ይመስለዋል። ይህ እንኳ የታወቀ ብልሽት ነው። የከተማው ውሃ ግን ተጣርቶ ስለሚመጣ ቅንጣት ኖራ የለበትም።

ሰገነቱ ላይ ወጥታ፣ ባልዲ ውሃ ላይ አሲድ ጠብ እያደረገች ብረቶቹን ማጠብ ጀመረች። ቅርፊቱ እየተንጫጫ ሲሟሟ እሷ የባሰ ፈራች። ኖራው ከየት እንደመጣ ሳታውቅ መልሳ ብትገጥመው፣ ወዲያው ተመልሶ ይታፈናል።

«አጋፋሪ፣ ገንዳው ውስጥ ምን ገባ?»

አጋፋሪው ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ከዚያ «ጨው ይጨመር» አለ።

ትርሲት ማጠቡን አቆመች። አጋፋሪው ገንዳውን ቀን ከሌት የሚያይበት ዓይን አለው፤ ብረቶቹ ሲነጡ አይቷል። አልተሳሳተም። እየዋሸ ነው።

«ከሩቅ ለሚከታተሏት ሐኪሞችስ ምን አልካቸው?»

«ሁሉም ደህና ነው አልኳቸው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?» ብላ ጮኸችበት።

«ሰምቻለሁ። ያደግኩት በአሥር ሺህ ቤቶች ወሬ ነው። ሁሉም ቤት ይህን ይተርታል፤ በሽታውን ግን ሁሉም ቤት ይደብቃል። ገመና ያወጣ ሲሰደብ ሰምቻለሁ። ደብቆ የሞተው ጨዋ ነበር ተብሎ ይለቀስለታል። እኔም ጨዋ መሆን ተማርኩ።»

የሰገነቱ በር ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩት ወይዘሮ አስካለ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። «እኔ ነኝ! እኔው ነኝ ልጄን የገደልኳት!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። «ከአገሬ ፍል ውሃ ጠበል እያስመጣሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሃያ ሃያ ጀሪካን። ሐኪሞቹ ይከለክሉኛል ብዬ ‹የቤታችን ገመና ነው፣ ለማንም እንዳትናገር› አልኩት። እንድትድንልኝ ብዬ ነው፣ ማርያምን!»

ትርሲት ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። ደረታቸውን የሚመቱትን እጆች ስታይ ግን ቁጣው ጠፋባት። «ፍል ውሃ ኖራ አለው እትዬ። ቢነግሩን ኖሮ እኮ ጠበሉን ግንባሯን ብቻ እናስነካላት ነበር።»

የገንዳውን ውሃ ግማሹን አስወጥታ፣ ልጅቷን ሳታጋልጥ በተጣራ ውሃ ተካችው። ጨው ፈታቹን መልሳ ገጠመችና ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ቁጥሩን ጠበቀች። ክሎሪኑ ቀስ እያለ ወጣ። ቀዩ መስመር የልጅቷ ክርን ላይ ሲደርስ ቆመ። ሐኪሞቹ መጥተው «ትተርፋለች» ባሉ ጊዜ ወይዘሮ አስካለ የትርሲትን አንገት አቅፈው አለቀሱ።

በአሳንሰሩ ስትወርድ፣ እንደ ልማዷ ቤቷን ጠየቀች። «እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው።»

ሌላ ቀን ይህ ይበቃት ነበር። አሁን ግን የእናቷ ቀሚስ ትዝ አላት፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋት መጥቷል። ስትጠይቃት እናቷ «ጾሙ ነው» ብላት ነበር። ጾሙ ከተፈታ ሁለት ወር አለፈው።

«እማዬ ለእኔ እንዳትነግር ያለችህ ነገር አለ?»

አጋፋሪዋ ዝም አለ። ትርሲት የገዛ ትንፋሿን ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ምሳቸውንም በልተዋል» አላት።