ሁለተኛው መግቢያ

ጮሌ በቀጠሮው አልመጣም።

ዝምታ ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ባለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ዝምታ የምስጢር ስሙ ነው፤ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ «የኮምፒውተር ጥገና» ይላል። ባልደረባው ድንቢጥ ተይዛ ምድር ቤት ተቆልፎባታል፤ መርማሪዎቹ እየመጡ ነው። የሕንፃውን በሮች የሚያዘው ይህ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የሚታዘዘው ሁሉን ማድረግ ለሚችለው ለአስተዳዳሪው መለያ፣ ለሩት ብቻ ነው።

የይለፍ ቃሉን ጻፈ።

«ሼሉ አልተገኘም።»

ደገመ። ያው ነው።

ጎንበስ ብሎ አየ። የሁለተኛው ዲስክ ቦታ ባዶ ነው።

ደሙ ፈላ። ሼል የሚገባውን ሰው ተቀብሎ ትእዛዙን የሚሰማ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከሌለ ትክክለኛ የይለፍ ቃልም ዋጋ የለውም። የሩትን ሼል በቀለም ወዳሸበረቀ ሌላ ሼል የለወጠው ጮሌ ነበር፣ አስተዳዳሪ መስሎ የገባው ባልደረባቸው። አዲሱ ሼል የተጫነው ደግሞ በሁለተኛው ዲስክ ላይ ነበር።

«የሩት ሼል ከሲስተሙ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ይሁን። ያኛው ከጠፋ ውጭ መቅረታችን ነው» ብሎት ነበር ዝምታ ያኔ።

ጮሌ ድንቢጥን አቅፎ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ያንገበገበህ ሼሉ ነው ወይስ እሷ?»

እሷም ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አንጀቱን ያሳርረዋል።

ስልኩ ነዘረ። አለቃቸው ናቸው።

«ጮሌ ሸጦናል። ዲስኩን ይዞ ጠፍቷል። ውጣ!»

«እሷስ?»

«ተዋት። ትእዛዝ ነው።»

በሩ ተበረገደ። የጥበቃ ሠራተኛ።

«አስተዳዳሪው የታለ?»

«ምሳ ወጥቷል። ምነው፣ አንተም ኮምፒውተርህ እምቢ አለህ?»

ሰውዬው አጉረምርሞ ሄደ።

ዝምታ ሌላ ስም ጻፈ። የሩት ሥልጣን ያለው ሁለተኛ መለያ ነው፤ ሼሉም ተራው፣ ከሲስተሙ ጋር ያለው። የከፈትኩት ለጥንቃቄ ነው ብሎ ራሱን ማታለል አልቻለም። የከፈተው ጮሌን ሊሰልልበት ነበር። በቅናት።

ገባ።

በትእዛዙ የምድር ቤቱ በሮች ተከፈቱ።

ከድንቢጥ ጋር በጓሮ ደረጃ ተገናኙ። ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

«እሱስ?» አለችው፣ ገና ሳይጠጋት።

«ሸጦሻል።»

«ይሄ ቅናትህ ነው!»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ። ባልቀና ኖሮ አሁንም እዚያ ታች ነበርሽ።»

 ድንቢጥ ውጭ የሚጠብቃቸው መኪና ውስጥ ገብታ፣ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ጃኬቷን አነጠፈች።

«ይሄ የእሱ ቦታ ነው» አለች።

ዝምታ የመኪናውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋላት። «ንዳው» አለ ለሾፌሩ።

መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተና ለምሳ ከሚወጡት ሠራተኞች ጋር ተቀላቀለ።