የቀጥቃጩ ብስክሌት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ ከዐባይ ማዶ ጎጃም በእርሻ ግብር ሰበብ ሸፍቶ፣ የእስቴ ሹማምንትም እሳቱ ወንዙን እንዳይሻገር ሲጨነቁ፣ የመካነ ኢየሱስ የስልክ ሽቦ ተቆርጦ አደረ፤ በቅሎዎቹም ለጦሩ ስንቅ ስለተወሰዱ፣ ተላላኪው ላቀው የመንግሥት ደብዳቤ ይዞ በብስክሌት ወደ ደብረ ታቦር ይወርድ ዘንድ ታዘዘ። ላቀው ብስክሌት ነድቶ አያውቅም።

በወረዳው ገዥ በፊታውራሪ ዳኛቸው ግቢ ሦስት ብስክሌት ቆሞ ጠበቀው፤ አንዱ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ፍሬን የሌለው አሮጌ፤ ሁለተኛው ነጋዴ ከአስመራ ያመጣው አዲስ፤ ሦስተኛው ቀጥቃጩ ታፈረ በፊታውራሪው ትእዛዝ፣ ከቁርጥራጭ ቱቦ በላቀው ቁመት ልክ የሠራው። ላቀው መጀመሪያ አዲሱ ላይ ቢወጣ እግሮቹ ተንጠለጠሉ።

"መሰላል አምጡለት!" ብሎ ሰዉ ሳቀ።

ታፈረ ጠጋ ብሎ፣ "ጌታው፣ የእኔን አይምረጡ፤ ቢወድቁ ቡዳው በላው ይላሉ። ቤቴን ከነልጆቼ ያነዱብኛል" አለው።

"በአዲሱ እግሬ መሬት አይነካ፤ አሮጌው ቁልቁለት ላይ አይቆም። ታዲያ በምን ልሂድ?"

"በእግርዎ።"

"ምን ታንሾካሹካላችሁ?" አሉ ፊታውራሪ። "በልክህ የተሠራልህን ይዘህ ውጣ!"

ይህ ሕዝብ በታፈረ ማረሻ ያርሳል፣ በታፈረ ማጭድ ያጭዳል፤ ከጠገበ በኋላ ታፈረ ሰው ይበላል ይላል!

የገበያው ቁልቁለት ላይ ፍርሃት የላቀውን ጣቶች አደረቃቸው። ፍሬኑ ከጣቶቹ ሥር ነበር፤ አልያዘውም። ብስክሌቱ ከድንጋይ ተጋጨ፤ የእግሩ አጥንት ሲሰበር ራሱ ሰማው።

ተሸክመው እናቱ ቤት አስገቡት። ቡዳ የበላው ሰው በሥር ጢስ ሲታጠን፣ የበላው ቡዳ በሕመምተኛው አፍ ስሙን ይናገራል ይባላልና፣ ደብተራ ሙላት ፍሙ ላይ ሥሩን ነስንሰው ላቀውን በጋቢ ሸፈኑት። ደጅ የቆሙት ወንዶች ችቦ ይዘዋል።

"ማን ነህ? ተናገር!"

የላቀው ራስ ዞረ። ከተኛ ጀምሮ በዙሪያው የሚጠራው የታፈረ ስም ብቻ ስለነበር፣ ምላሱ ጫፍ ላይ የመጣውም ያው ነው። ከስብራቱ ይልቅ የገዛ አፉ አስፈራው፤ የጋቢውን ጫፍ ጎርሶ ነከሰ።

"ስምህን!"

"የኔታ፣ በጢስ ልጄን ገደሉብኝ!" አለች እናቱ ይታይሽ።

ላቀው ጋቢውን ተፋ። "ላቀው ነኝ።"

"የጣለህን ነው የምጠይቅህ!"

"የጣለኝም ላቀው ነው። ፈርቼ ፍሬን ሳልይዝ ቀረሁ።"

ከደጅ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሌላው ተከተለው፤ ችቦዎቹም አንድ በአንድ ወረዱ። እነዚያው ሰዎች በማግስቱ ማረሻ ሊያስቀጠቅጡ፣ አንዳች እፍረት ሳይሰማቸው፣ ታፈረ ደጅ ቆሙ።

የዚያን ዘመን ሽፍትነትና ግብር ብዙዎች ጽፈውታል፤ ላቀው ግን ማንም ሳይጽፍለት፣ ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ፣ የአገሩ መሳቂያ ሆኖ ኖረ። ያልነደደ ቤት አመድ የለውም፤ ታሪክ ጸሐፊም አመድ ካላየ አይቆምም።