አማርኛ ተናጋሪው ካሴት

ሐመልማል የጠዋቱን የመጀመሪያ የጌም ካሴት ወደ ተወለደበት ቀን እንዲመልሰው ለማሽኑ ሰጥታ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ስትመጣ ሥራው አልቋል። የተጫረው ፕላስቲክ ለስልሷል፤ የደበዘዘው ሥዕል ደምቋል፤ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ የኦሳካ ልጅ በእስክሪብቶ የጻፈው ስም ጠፍቷል። ማሽኑን «መላሽ» ይሉታል። ያረጀን ዕቃ ቅንጣት በቅንጣት እያስተካከለ ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። የሰው እጅ የተወበትን ሁሉ ያጠፋል ማለት ነው፤ ሐመልማል የድሮ ዕቃ ገማች ሆና በምትሠራበት ዋጋ ቤት ግን እንዲህ ብሎ የሚናገር የለም። «አጸዳነው» ነው የሚባለው።

ዋጋ ቤቱ የመርካቶ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። መርካቶ ወደ ሰማይ ማደግ ከጀመረች ቆይታለች፤ ከታች በርበሬ፣ ከመሃል ጨርቃ ጨርቅ፣ ከአናቷ ደግሞ የድሮ የጃፓን ጌም ይሸጣል። ሰው ሁሉ ጌሙንና ፎቶውን ያከማቸበት የሩቅ ኮምፒውተር፣ «ደመናው» የሚባለው፣ በአንድ ክረምት ድምጥማጡ ሲጠፋ የተረፈው በካሴት የታተመው ብቻ ነበር። ከተረፈውም ሀብታም የሚሻማበት ረጅሙ የጃፓን ጌም ነው፤ ተጫዋቹ የአንድ መንገደኛን ሕይወት ተውሶ ከመንደር መንደር የሚንከራተትበት፣ ሰው የሚያነጋግርበት፣ ጭራቅ የሚገጥምበት። ይሻማበታል እንጂ አይጫወተውም። ገዝቶ በማይሰበር መስተዋት ያሽገውና እንግዳ ሲመጣ ያሳየዋል። ሐመልማል እነዚህን ሰዎች ትንቃቸዋለች። መጽሐፍ ገዝተው ገጹን በሙጫ የሚያጣብቁ ናቸው ትላለች። እንጀራዋ ግን ከእነሱ ነው፤ ይህም ሌላ ንዴት ነው።

ከጨርቃ ጨርቁ ፎቅ የመጣው ነጋዴ ሙደሲር ሊሸጠው ያመጣውን ካሴት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«የአጎቴ ነው፤ አላህ ይማረው። ከዚህ ጋር ተቆልፎ ኖሮ ሚስት እንኳ ሳያገባ ሞተ።»

«ካሴት አይጨቀጭቅማ፣ ጋሼ ሙደሲር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። የእኔዋን ብታውቂያት ለኔም አንድ ትፈልጊልኝ ነበር።»

እየሳቀች ካሴቱን መላሹ ውስጥ አስገባችው። ማሽኑ ጀመረ፤ ወዲያው ቆመ። ቀይ መብራት በራ።

«በዚህ ካሴት ውስጥ ከፋብሪካ ያልወጣ ብዙ ጽሑፍ አለ» አለ መላሹ። «ላጥፋው?»

ሐመልማል ግራ ገባት። መላሹ ጠይቆ አያውቅም፤ የማንንም ስም ሳያማክር ነው የሚያጠፋው። ካሴቱን አወጣችና ከመሞከሪያው ስክሪን ጋር አገናኘችው። ትንሽ መንደር ታየ፤ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው የእንግዳ ማደሪያ በር ላይ ቆሟል። መንገደኛውን ወደ እሱ አስጠጋችው። በጃፓን ፊደል ፈንታ፣ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተጠጋግተው የሠሩት የእኛው ፊደል ወጣ።

«እንግዳ፣ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ምን ይባላል?»

ከሥሩ ሁለት ምርጫ ነበር፤ «ቤት ለእንቦሳ» ማለት ወይም ዝም ብሎ መግባት። ሐመልማል ለመሞከር ዝም ብላ ገባች። ባለ ባርኔጣው ዞር ብሎ፣ «ያልመረቀኝ የአልጋ ኪራይ እጥፍ ይከፍላል» አላት። ከመንደሩ ስትወጣ ሰማያዊ የሚዝለገለግ ጭራቅ ተወርውሮ መጣ። «አተላ ገጠመህ!» ይላል ጽሑፉ። ሐመልማል እስክታነባ ሳቀች። የሙደሲር አጎት እያንዳንዱን ፊደል በእጁ ስሎ፣ እያንዳንዱን ቃል ከጃፓንኛው ቦታ ላይ ተክቶ፣ የሌላ አገር ሰዎችን አማርኛ አስተምሯቸዋል።

ሁለተኛው መንደር ገበያ ነበር። ጨርቅ በክንዱ የሚለካ አንድ ሕፃን ቆሟል፤ ስሙ ሙዲ ነው።

«ይሄ... ይሄ እኔ ነኝ» አለ ሙደሲር ጎንበስ ብሎ። «በልጅነቴ ሙዲ ነበር የሚለኝ። እስቲ አናግሪው።»

ሕፃኑ፣ «አጎቴ ጥሩ ተረት ያውቃል። እኔ ግን ገበያ ይዞኛል» አለ።

ሙደሲር ፊቱን ወደ ስክሪኑ ይበልጥ አስጠጋ።

የዋጋ ቤቱ ባለቤት ኢንጂነር ልዑልሰገድ የቀዩን መብራት ማስጠንቀቂያ አይቶ መጣ። አንዴ ስክሪኑን አየና ፊቱን አዞረ።

«የተነካካ ነው። አጥፊውና አሽጊው። ከጃፓን የመጣችው ገዢ ውጭ እየጠበቀች ነው።»

«ይህን? የሰው ዕድሜ እኮ ነው!»

«ዕድሜ አንሸጥም፣ ሐመልማል። ካሴት ነው የምንሸጠው።»

«ሌላው የሠራውን እያጸዳን የራሳችንን ስናጠፋ ትንሽ እንኳ አያሳፍርዎትም? ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሃል አንዱ በአፋችን ተናገረ፤ እሱኑ ጉድለት አልነው! ከፋብሪካ መውጣት ክብር፣ ከሰው እጅ መውጣት ነውር የሆነው መቼ ነው?»

«ንግግርሽ ለሸንጎ ይሆናል» አለ ልዑልሰገድ ሳይቆጣ። «እዚህ የሚገባን ዋጋ ነው።»

ቅጂ ማውጣት አይቻልም፤ ቅጂ ያለው ነገር ዋጋ የለውምና በዋጋ ቤቶች ዘንድ ወንጀል ነው። ልዑልሰገድ ጣቱን ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ዘረጋ። ሐመልማል የቀራት አንድ መንገድ ብቻ ነበር። በመርካቶ አናት ላይ ገማች ዋጋውን ጮክ ብሎ ጠርቶ መዳፉን ከሻጩ መዳፍ ጋር ካጋጨ፣ ዕቃው በዚያች ሰዓት እንዳለ ይቆያል፤ ማንም አይነካካውም። የተጠራውን የሚከፍል ከመጣ ደግሞ ማንም እምቢ አይልም።

«ጋሼ ሙደሲር፣ እጅዎን!»

ሙደሲር ደንግጦ ዘረጋላት።

«የከፍተኛው ደረጃ ዋጋ፣ አሥር እጥፍ!» ብላ ጮኸች። «በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ መንታ የለውም!» መዳፏንም አጋጨችው።

የልዑልሰገድ ጣት አየር ላይ ቀረ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ አሰበ፤ በመጨረሻ ፈገግ አለ።

«ብቸኛ...» አለ ቃሉን እያጣጣመ። «ይሁን። አይጠፋም።»

ሐመልማል አሸነፈች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ የአንድ ሰው ድካም ከእሳት አፍ ነጥቃለች። የጌሙን መጨረሻ ለማየትም ቸኮለች።

ገዢዋ ወይዘሮ ኦካዳ የምትባል ጸጉረ ነጭ ሴት ነበረች። ደረቷ ላይ የተሰካች፣ የልብስ ቁልፍ የምታክል አስተርጓሚ ማሽን የሚባለውን ሁሉ ትነግራታለች። ስክሪኑን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዋጋውን ስትሰማ አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ ከፈለች።

«ቆይ» አለ ሙደሲር። «ልጁ ሌላ የሚለው ይኖራል። አጎቴ ስለ እኔ ሌላ ምን እንዳለ ልየው። ትንሽ ብቻ።»

«መዳፍ ተጋጭቷል፤ ሰውም ከፍሏል» አለ ልዑልሰገድ ስክሪኑን እያጠፋ። «በተከፈተ ቁጥር ይጫራል።»

ሐመልማል ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እርስዎስ ይጫወቱታል?»

ሴትዮዋ በአስተርጓሚዋ በኩል መለሰች። «አልጫወተውም። ፊደሉን አላውቀውም። ግን ከሁሉ የተሻለውን ቦታ እሰጠዋለሁ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ከፍተው አያዩትም?»

«እንዲህ ያለ ውድ ነገር እንዴት ይነካል?» ሴትዮዋ ቅን ሰው ነበረች፤ ጥያቄው ከልብ አስገርሟታል።

ሐመልማል ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ስድብ አላት፤ አሁን ግን የሚሰደበው ሰው አልታይ አላት። ካሴቱን ውድ ያደረገችው ራሷ ናት። በሰው ቋንቋ ስትከራከርለት ማንም አልሰማም፤ በዋጋ ቤት ቋንቋ ስትጮህለት ወዲያው ተሰማች፤ የሰሙትም ወሰዱት።

ማሸጉም የእሱ ሥራ ነውና፣ መላሹ የማሸጊያውን መስተዋት ማቅለጥ ጀመረ። ከማሸጉ በፊት፣ መስተዋቱ ላይ ለሚሰፍረው የመታወቂያ ጽሑፍ ጥያቄ አቀረበ።

«ታሪኩ እንዴት ያበቃል?»

ሁሉም ሙደሲርን ተመለከቱት።

«አንድ ቀን ሱቅ መጥቶ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «ደንበኛ መጣብኝ።»

ሐመልማል፣ «የሚያውቅ ሰው የለም» ብላ ጻፈች።

አረንጓዴው መብራት በራ። «ፍጻሜው ያልተነበበ» አለ መላሹ። «ደረጃው ከፍ ብሏል።» የቀለጠው መስተዋት በካሴቱ ላይ ወረደ።

ልዑልሰገድ እጆቹን አፋተገ። «ሰማሽ? ከዛሬ ጀምሮ በእጅ የተጻፈ ካሴት ሲመጣ ስክሪን ላይ አታውጪው። ሳታነቢ አሽጊ።»

ሙደሲር ቁጣዋን እየጠበቀ ቀና ብሎ አያት። ወይዘሮ ኦካዳም አየቻት።

«እሺ» አለች ሐመልማል።