በማስቲሽ የበቀለው አበባ

«ቀስ ብለሽ ያዢው፤ ማስቲሹ ገና አልደረቀም» አለች መካኒኳ በሹክሹክታ።

በቅጥነቷ ጭራሮ የሚሏት ጓደኛዋ ትንፋሿን ውጣ አበባው የተቀመጠበትን ካርቶን ወደ ራሷ ሳበች። ትናንት የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ወደ ተራራው መስክ የወጣው ከሱፍ አበባ ቤተሰብ የሆነ ተክል ፈልጎ ለማምጣት ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን ሣሩ ላይ ተጋድመው የሌላ ክፍል ልጆችን ሲያሙ ውለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መካኒኳ ደግሞ ስሙ የወጣላት ጫማም እስክሪብቶም በማስቲሽ ስለምታድን ነው። ዛሬ ጠዋት ከሰፈር አጥር ሥር የአንዱን አበባ ቢጫ እምብርት፣ የሌላውን ሐምራዊ መልካበባ፣ ማለትም በዙሪያው ያሉትን የአበባ ቅጠሎች፣ ለቅማ አንድ ላይ አጣበቀቻቸው።

«ቲቸር እንደሆኑ አይነቁብንም» ብላ ነበር።

ቲቸር ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሄዱት ወንበር እየተደገፉ ነው። እነሱ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይሄን የት አገኛችሁት?»

«ከላይ፣ ከድንጋዮቹ ጀርባ» አለች መካኒኳ ፈጠን ብላ።

«ያንን መስክ ስንት ዘመን ስዞረው አይቼው አላውቅም። ከማውቃቸው የዕፅዋት ወገኖች አንዱም ውስጥ አይገባም። ልጆች፣ ይሄ አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዝርያ የሚያቅፍ አዲስ ወገን ሊሆን ይችላል።» ፊታቸው በደስታ በራ።

«ስሙ ጭራሮ ይባላ» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ። ጭራሮም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት፤ በስሟ አበባ ይቅርና ቡችላ እንኳ ተሰይሞ አያውቅም።

«ቅዳሜ እወጣለሁ» አሉ ቲቸር። «በቦታው ሳላየው እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ጉልበትዎስ?» አለች ጭራሮ ሳታስበው።

«ካልቻለ እየዳህኩ እወጣለኋ።»

ሁሉም ሳቀ፤ ጭራሮ ግን አልሳቀችም። ያንን ዳገት እሷ እንኳ የወጣችው ትንፋሽ አጥሯት ነው። እኚህ ደግ ሰው የሌለ አበባ ፍለጋ በዚያ ሁሉ ድንጋይ መሀል ሲንከራተቱ ታያት።

መካኒኳ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። «ጭጭ በይ። ረግፎ ነው እንላቸዋለን።»

ቲቸር ባለ እግሩን አጉሊ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አመቻቹ። «የሱፍ አበባ ቤተሰብ ጉዱ ምን መሰላችሁ? አንድ አበባ የሚመስላችሁ የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። እነዚህ መልካበባ የምትሏቸው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው፤ በየራሳቸው ቦታ ነው የሚበቅሉት። ጭራሮ፣ እስቲ ከመነጽሩ ሥር አድርጊውና ሁሉም ይየው።»

«ፊቱን ወደ ላይ» አለች መካኒኳ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ጭራሮ አበባውን ከካርቶኑ አነሳችው። ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ጓደኛዋን አየት አደረገቻት፤ ከዚያ ማስቲሹ የረጋበትን ጀርባውን ወደ ላይ ገልብጣ ከመነጽሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ እርስዎ ይዩት» አለች።

መካኒኳ በረጅሙ ተነፈሰችና ለቲቸር ወንበር ሳበችላቸው።