የማይበጠስ ክር

«ልጅዎ እጀታውን ለምን አልሳበችም?»

መርማሪው እናትየዋን ጠየቃት። ልጇ ከሰማይ ወድቃ ከሞተች ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። የምትንሳፈፍበት የጨርቅ ክንፍ አየር ላይ ተጨማደደባት። እጀታው ሲሳብ የሚወጣው፣ ከመቀመጫዋ ሥር ታጥፎ የተቀመጠው መጠባበቂያ ፓራሹት ደግሞ ሳይከፈት አብሯት መሬት ደረሰ።

«ፈርታ ነው» አለ የበረራ ትምህርት ቤቱ ባለቤት። «እጇ ደርቆ ቀረ። ልጅ አይደለች? ምን ይደረግ!»

የእናትየዋ ደም ፈላ። ልጇ እኮ በየማለዳው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «እይ፣ ያዝ፣ ሳብ፣ ወርውር» እያለች መጠባበቂያውን አውጥቶ መወርወር ትለማመድ ነበር። አንድ ቀን በመጠባበቂያው ፈንታ የወረወረችው ትራስ ድስት ደፍቶ አጣልቷቸዋል።

እናትየዋ ልጅቷ ወደተጋደመችበት የትምህርት ቤቱ ክፍል ገባች፤ ወንዶቹም ተከተሏት። አንሶላውን ገልጣ የቀኝ መዳፏን ገለበጠችው። ቆዳው ተልጧል። ጣቶቿ ላይ ሰንበር ወጥቷል።

«ስባለች!» ብላ ጮኸች። «የፈራ እጅ እንዲህ አይላጥም!»

መርማሪው በሩ ላይ ወደቆመው ፓራሹት አጣፊ ዞረ። መጠባበቂያዎቹን ሁሉ የሚያጥፈው እሱ ነው። ስለማይቸኩል «ቀስ በቀስ» ይሉታል።

«አንተ ነህ ያጠፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተከፈተም?»

«እንጃ ጌታዬ። የፓራሹቱን ከረጢት መዝጊያ ፒን በቀጭን የጥጥ ክር ነው ያሰርኩት። በከንቱ እንዳይወልቅ ብቻ ነው የሚይዘው። እጀታው ሲሳብ ወዲያው ይበጠሳል፤ ሕፃንም ይበጥሰዋል።»

«ድሮም እንቅልፋም ነው» አለ ባለቤቱ።

እናትየዋ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የልጇን የበረራ መቀመጫ ወደ መስኮቱ ጎተተችው። የትምህርት ቤቱን ክንፎች የምትሰፋው እሷ ናት፤ ክር በጣቷ ታውቃለች። ፒኑ ላይ የተጠመጠመውን ዳሰሰች። ጥጥ አይደለም። ሰም የጠጣ ናይለን ነው።

ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«ትናንት ጠዋት ከእኔ የወሰድከው ነው። ‹ጫማዬ አፉን ከፍቷል፣ የማይበጠስ ክር ስጪኝ› አልከኝ። በገዛ እጄ ቆርጬ ሰጠሁህ!»

«እህቴ፣ ኀዘን ነው የሚያናግርሽ።»

«ጫማህን አሳየና!»

ሁሉም ዝቅ ብለው አዩ። የግራ ጫማው ሶል እንደተላቀቀ ነው።

መርማሪው መቀመጫውን ባለቤቱ ፊት አኖረ። «እጀታውን ሳበው።»

ሳበው። በሁለት እጁ ሳበው። ክሩ ፍንክች አላለም።

«ሳምንቱን ሙሉ የበረራ መነሻው ላይ ፒኑ እየወለቀ ፓራሹቱ ይዘረገፍ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ላብ አጥምቆት። «እንግዶች ሳቁብን። ይሄ ቀስ በቀስ ደግሞ ‹በረራ ይቁምና ሁሉንም ልፈትሻቸው› አለ። ሁለት ቀን ማን ይጠብቃል? እኔ... ላጠባብቀው ብዬ ነው።»

«ስንቱን አሰርክ?» አለ መርማሪው።

«አምስቱንም።»

ግድግዳው ላይ አራት መቀመጫዎች ተሰቅለዋል። በነጋታው ለሚበሩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው።

እናትየዋ አፍንጫው ሥር ቆመች።

«ቀድመህ የደረስክባት አንተ ነህ። ክሩን አይተሃል። እጇን አይተሃል። አይተህ ነው ሬሳዋን ፈሪ ያልከው!»

ባለቤቱ አንገቱን ደፋ።

መርማሪው ባለቤቱንና አምስቱን መቀመጫዎች መኪና ላይ ጭኖ ሄደ። በነጋታው ሊበሩ የነበሩት አብራሪዎች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው አንድ በአንድ ወጡ። አጣፊው ቀስ በቀስ ከእናትየዋ ጋር፣ ልጅቷ አጠገብ ቀረ።